የስንጥቅ ዘር

ጥር ነው፤ ትሮንድሄም።
ፀሐይ እንደ ባለዕዳ ከደጅ ብቅ ብላ
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች ኋላ።
ጉንቮር ከሦስተኛው ፎቅ፣ መጋረጃ ዘግታ፣
ብረት ታሰቃያለች በኮምፒውተር ገበታ።
እጇን ጥላሸት አይነካው፣ ዓይኗን ፍንጣሪ አይወጋት፤
የአርባ ዓመት ማዕበል ታወርዳለች በአንድ ጣት።

ብረቱን ሸንሽና በደቃቅ ሦስት ማዕዘን፣
ለእያንዳንዷ ቅንጣት ሰፍራ የድርሻዋን፣
ትጠይቃቸዋለች፦ አንቺ ስንት ቻልሽ? አንቺስ?
ጎረቤትሽ ስትለቅ ሸክሟ የት ይፍሰስ?

መሐንዲሶች ድካም ይሉታል። ስሙን አልሳቱም።
ብረትም እንደ ሰው ነው፣ በአንድ በትር አይሞትም፤
መታ ሲያደርጉት፣ ለቀቅ፤ መታ፣ ደግሞ ለቀቅ፣
ቀስ በቀስ የሚሄደው እንቁላል ብቻ አይደለም፤
ይሄዳል ስንጥቅ።

ጫፉ ላይ ግን፣ ስንጥቁ አልቆ ጤናው በሚጀምርበት፣
ቁጥሩ ያብዳል፤ ቀመሩ ልጓም የለበት።
መረቧን ባጠበበች፣ ደግማ ባጠበበች ቁጥር
ጫናው ሽቅብ ይተኮሳል፣ እንደ ሐሜት አፍ ለአፍ ሲዞር።

ኮምፒውተሩም አንድ ጠባይ አለው፦
ስንጥቅ ካልዘሩበት፣ ለእሱ ዓለም ጤነኛ ነው።
ማዕበል ቢደበድበው፣ ውርጭ ቢያኝከው፣ ጨው ቢልሰው
ብረቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ምንም አይለው።
ስለዚህ እሷ ናት፣ በማውስ አንዴ ጠቅታ፣
የመጀመሪያዋን ቁስል የምትተክል፣
መርጣ አንዲት ቦታ።

የት ላይ?

አሥራ አንድ ሳምንት ሆናት።
የእውነቱ እግር፣ ባሕር ውስጥ የቆመው፣ ሳያማክራት ተሰንጥቋል፤
ጠላቂዎች ፎቶ ልከዋል፦
ክንድ ከስንዝር የምትሆን፣ ዝገት የምታነባ መስመር
ከቀለሙ ሥር።
የባሕሩ ስንጥቅ ወደ ግራ ይታጠፋል።
የጉንቮር ወደ ቀኝ። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ።
ኦድቫር፣ አለቃዋ፣ በሩ ላይ ተደግፎ፦
«ስንት ወር ይቆማል? ቁጥር ብቻ ስጪኝ።»

እሑድ በባቡር ወደ አባቷ ሄደች።
ቶርላይፍ ያኔ በያጅ ነበር፤ ያንን እግር ከበየዱት አንዱ።
ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።
«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»
«ጫና።»
«ስትቀቢው ያምራል» አለ።
መነጽሩን አወለቀ። በግራ አውራ ጣቱ፣ ጥፍር በሌለው፣
ሰማያዊው ላይ፣ ምንም በሌለበት፣ ጫን አደረገ።
«እዚህ ነው።»
«አባባ፣ እዚህ ጫና የለም።»
«ጥቅምት ነበር። ዝናብ። ግማሽ ዙር በይጄ ነበር፤
ፎርማኑ ከታች ተጣራ፣ ሆስፒታል ደወሉ ብሎ።
በአምስተኛው ቀን ተመለስኩ።
ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር።
መጀመሪያ ማሞቅ ነበረብኝ። አላሞቅኩትም። ከላዩ በየድኩበት፣
ሞርጄ አሳመርኩት። ተቆጣጣሪው በባትሪ አየና ፈረመ።»

ጉንቮር ዓመቱን ቆጠረች።
በቤታቸው አልበም ያ ዓመት አንድም ፎቶ የለው።
አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፣
እሱ ግን ተነስቶ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ፣
ሳይጎድል።

ሰኞ ሌሊት ሁለት ሚሊ ሜትር ስንጥቅ
በሰማያዊው ላይ ዘርታ፣ ማሽኑን ለቃ፣ ጠበቀች።
አንዷ ቅንጣት ለቀቀች። ጎረቤቷ ተቀበለች፣ ለቀቀች።
ሊነጋ ሲል ሄዶ ሄዶ፣
ወደ ግራ ታጠፈ።

ቅጹ ላይ «የመነሻ ጉድለት ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ።
ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ ሰረዘች።
በመጨረሻ፦ ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር።

ማታ ስልክ ደወለ እሱ፣ የማይደውለው ሰውዬ።
«ስንት ጊዜ ቀረው?»
«እስከ ግንቦት።»
«ይጠገናል?»
ውኃው ውስጥ ደረቅ ክፍል ሠርተው እንደሚገቡ ነገረችው፤
አሮጌውን ብየዳ ሞርደው እንደሚያወጡት፣ እስከ ሥሩ።
ከወዲያ ትንፋሹ ብቻ።
«መጀመሪያ ግን» አለችው፣
«ያሞቁታል።»